ብርሃኑን ከአካሉ በፊት ማሰብ፦ የ2.4 ሜትር የጠፈር መንኮራኩር ሞዴል በደብረ ብርሃን

[ምስል፦ የደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ፣ የሥራ ቤት፤ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ቆዳው ያልለበሰ የመንኮራኩር አጽም።]

ተራኪ፦ የተከበራችሁ ተመልካቾች፣ አንድ የመንኮራኩር ሞዴል ግዙፍ መስሎ የሚታየው ርዝመቱ ስለበዛ ብቻ አይደለም። መብራቱ ያለ ስሌት የተገጠመበት የሦስት ሜትር ሥራ በካሜራ ፊት መጫወቻ ሆኖ ሲቀር፣ መስኮቶቹና ጥላው በልካቸው የተሠሩለት የአንድ ክንድ ሥራ ግን ከተማ የሚያህል አካል መስሎ ይታያል። ዓይናችን አይቶት የማያውቀውን ቅርጽ የሚለካው በሚያውቀው ነገር ነው፤ በልብ ወለድ መንኮራኩር ላይ ደግሞ ተመልካቹ በእርግጥ የሚያውቀው ነገር ቢኖር መስኮት ነው፤ መስኮት ካለ ከጀርባው የቆመ ሰው እንዳለ ወዲያውኑ ይገምታልና። ስለዚህ በዚህ ቪዲዮ ከአካሉ ይልቅ ስለ ብርሃኑ አብዝተን እንናገራለን፤ ስለ አካሉ የምንናገረውም ቢሆን ብርሃኑ የሚያልፍበትን መንገድ ለማሳየት ነው።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ የተሳለ የመንኮራኩር ንድፍ፤ የሽቦው መሄጃ በቀይ ተሰምሯል።]

ብርሃንን ወደ ኋላ ማቆየት የሚያስከትለውን ችግር ከታወቀ ሥራ መማር ይቻላል። ስታር ትሬክ ለተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ፊልም እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራው፣ ኢንተርፕራይዝ የተባለው የፊልሙ መንኮራኩር ትልቁ ሞዴል 3.4 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ መጀመሪያ ሲሠራ የውስጥ መብራት አልነበረውም። በኋላ መብራት ሲጨመርለት ሽቦዎቹ በግራ ጎኑ በኩል እንዲወጡ ስለተደረገ፣ ካሜራው ከዚያ ወዲያ የሚያነሣው ቀኝ ጎኑን ብቻ ሆነ። ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1974 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ተሰጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በተጠናቀቀው እድሳት የኤልኢዲ (ጥቂት ኃይል የሚወስዱ ትንንሽ አምፖሎች) መብራት ገብቶለት፣ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ለሕዝብ ቀርቧል። ያን ያህል የተደከመበት ሥራ ግማሽ ፊቱ ከካሜራ የተሰወረው በሽቦ መውጫ ምክንያት መሆኑ፣ ለእኛ የመጀመሪያውን ደንብ ይሰጠናል፦ ቆዳው ከመልበሱ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚወጣ በወረቀት ላይ ማለቅ አለበት።

መጠኑን የወሰነልን የገበያው ኮምፔንሳቶ ነው። አንዱ ሉክ 2.44 ሜትር በ1.22 ሜትር ስለሆነ፣ 2.4 ሜትር የሆነ አካል ያለ ቅጥያ ከአንድ ሉክ ይወጣል። ሚዛኑን፣ ማለትም የማሳነሻውን ልክ፣ 1 ለ200 ብናደርገው ሞዴላችን 480 ሜትር ርዝመት ያለው መንኮራኩር ይወክላል። ከዚህ በኋላ ሁሉም ነገር በዚህ ቁጥር ይካፈላል፤ 3 ሜትር ከፍታ ያለው ፎቅ 15 ሚሊ ሜትር፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስኮት 3 ሚሊ ሜትር፣ 1.70 ሜትር ቁመት ያለው ሰው 8.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ጀማሪ ሠሪ ይህን ሲሰማ መስኮቱ በጣም ያነሰ ይመስለውና ወደ 6 ወይም ወደ 8 ሚሊ ሜትር ያሳድገዋል፤ ነገር ግን መስኮቱ በእጥፍ ሲያድግ መንኮራኩሩ በተመልካቹ ዓይን በግማሽ ያንሳል። በእኔ እምነት በዚህ ሥራ ውስጥ ጸንተን ልንቆምበት የሚገባ ቁጥር ቢኖር ይኸው የመስኮት ልክ ነው።

[ምስል፦ ከቱቦላሬ የተበየደ ምሰሶ፤ በላዩ የተሰኩ የኮምፔንሳቶ ጎድኖች።]

አጽሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚሄድ አንድ ቀጭን ቱቦላሬ ላይ ይቆማል። በአካባቢያችን የባሕር ዛፍ እንጨት ርካሽና በየቦታው የሚገኝ ቢሆንም፣ እየደረቀ ሲሄድ ስለሚጣመም ለዚህ ምሰሶ አይመከርም፤ ምሰሶው ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ቢጠማዘዝ የመስኮቶቹ ረድፍ ይዛነፋል። ከኮምፔንሳቶ የተቆረጡት ጎድኖች በምሰሶው ላይ ሲሰኩ እያንዳንዳቸው መሐላቸው ላይ የሽቦ ማለፊያ ቀዳዳ ይኖራቸዋል። ምሰሶው በግራ፣ በቀኝና ከታች በኩል የመቆሚያ ቧንቧ የሚገባባቸው ሦስት አፎች ሊኖሩት ይገባል፤ በእያንዳንዱ አፍ ውስጥም የኤሌክትሪክ ሶኬት ይቀመጣል። በዚህ መንገድ ካሜራው የትኛውንም ጎን ሲያይ ቧንቧውና ሽቦው በማይታየው ጎን ይገባሉ፤ ያልተሠራበት አፍ ደግሞ በተመሳሳይ ቀለም በተቀባ ክዳን ይዘጋል።

በጎድኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት በዕቃ ማሸጊያ ነጭ ፎም መሙላት ክብደት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ይህ ፎም በቤንዚን፣ በአሴቶንና በአብዛኞቹ የስፕሬይ ቀለሞች ስለሚሟሟ፣ ቀለም ከመነፋቱ በፊት በእንጨት ኮላ ወይም በውሃ በሚበጠበጥ ቀለም ደጋግሞ መሸፈን አለበት። እዚህ ላይ የደብረ ብርሃን አየር የራሱ ፈቃድ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ያወርዳል፤ ነጭ የእንጨት ኮላ ደግሞ ቅዝቃዜው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ በደንብ ሳይጋገር ደርቆ እንደ ዱቄት የሚረግፍ ሽፋን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የማጣበቅ ሥራ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ፣ ከረፋዱ ጀምሮ ቢከናወንና ከምሽቱ በፊት ቢጠናቀቅ ይመረጣል። ሞዴሉን ውጭ ማሳደር ፈጽሞ አይገባም፤ ጤዛው በሽቦ መጋጠሚያዎች ላይ ዝገት ያመጣል።

ስለ ላይኛው ገጽታ ዝርዝር አጭር ነገር እናገራለሁ። የተበላሸ የዲቪዲ ማጫወቻ፣ የኮምፒውተር ኪቦርድ ቁልፎች፣ የእስክሪብቶ ቀፎና የጠርሙስ ክዳን በአንድ ቀለም ሲቀቡ ቱቦና ማሽን ይመስላሉ፤ የፊልም ሞዴል ሠሪዎችም ከፕላስቲክ የታንክና የመርከብ መገጣጠሚያ ዕቃዎች ክፍሎችን እየነቀሉ ይህንኑ ያደርጉ ነበር። ብቻ ሁሉንም ቦታ አትሙሉት፤ ዓይን የሚያርፍበት ባዶ ገጽ ከሌለ ጥቃቅኑ ነገር ጥቃቅን መሆኑ አይታወቅም።

[ምስል፦ ቅርብ ቀረጻ፤ ምላጭ ይዞ ከጥቁር ገጽ ላይ የሚሠራ እጅ።]

አሁን ወደ መስኮቶቹ እንግባ። የማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚሠሩ ባለሙያዎች ዘንድ ጠርዝ ላይ የተረፈ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ በርካሽ ይገኛል፤ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይበቃል። በፕላስቲኩ ላይ 3 ሚሊ ሜትር በ1.5 ሚሊ ሜትር ሆነው የተቆረጡ የወረቀት ፕላስተር ቁራጮች በፎቆቹ ረድፍ ይለጠፋሉ፤ ከዚያም መጀመሪያ ጥቁር፣ በላዩ ደግሞ የመንኮራኩሩ ግራጫ ቀለም ይነፋል። ጥቁሩ ቀለም ብርሃን እንዳያልፍ የሚከለክለው ስለሆነ በፍጹም አይዘለልም። ቀለሙ እጅ መያዙን ሲተው፣ ነገር ግን ጠንክሮ ሳይደርቅ፣ የምላጩ ጫፍ በቁራጩ አንድ ጥግ ሥር ይገባና ፕላስተሩ ወደ ራሱ ታጥፎ ቀስ ብሎ ይሳባል። በዚህ ጊዜ ጠርዙ የጠራ፣ ጥርስ የሌለው መስኮት ይቀራል፤ ቀለሙ ጨርሶ ከደረቀ በኋላ ከተሳበ ግን ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ሁሉም መስኮት መብራት የለበትም። በእውነተኛ ሕንፃ ላይ ሰው የተኛበት ክፍል ይጨልማል፣ መጋረጃ የተጋረደበት ይደበዝዛል፣ አዳራሹ ግን በረድፍ ይበራል። ይህንን ለማግኘት ከጀርባ በኩል በካርቶን ትንንሽ ክፍሎች ይከፈላሉ፤ ውስጣቸው ብርሃኑን እንዲያንጸባርቅ ነጭ፣ ውጫቸው ብርሃን እንዳያሾልክ ጥቁር ይቀባሉ። አብዛኞቹ ክፍሎች 3,000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ገደማ የሆነ ሞቅ ያለ ነጭ፣ ጥቂቶቹ 6,000 ኬልቪን የሆነ ቀዝቃዛ ነጭ ቢያገኙ፣ መኖሪያውና የሥራ ክፍሉ በቀለም ብቻ ይለያሉ።

ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ለሆኑ ነጥቦች ፋይበር ኦፕቲክ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን ቃጫ፣ ይሻላል። ብርሃን በቃጫው ውስጥ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተንጸባረቀ ስለሚሄድ ሽቦና አምፖል ሊገቡ በማይችሉበት ጠባብ ቦታ ሁሉ ይደርሳል፤ ከስጦታ ዕቃ መደብር ከሚገኝ አንድ የጌጥ መብራትም ብዙ ቃጫ ይወጣል። ጫፉ ለአፍታ ወደ ጋለ ብረት ሲጠጋ፣ ሳይነካው፣ ያብጥና እንደ ትንሽ ሌንስ ብርሃኑን ወደ ጎን ይበትናል።

[ምስል፦ በወረቀት ላይ የተጻፈ ስሌት፤ 12 ቮልት፣ ሦስት ኤልኢዲ፣ አንድ ሬዚስተር።]

የኤሌክትሪኩን ስሌት በጥንቃቄ እንመልከት። አንድ ነጭ ኤልኢዲ ወደ 3 ቮልት ይወስዳል፤ ሦስቱን በአንድ መስመር ብናያይዛቸው 9 ቮልት ይወስዱና ከ12 ቮልት 3 ቮልት ይተርፋል። ይህን ትርፍ የሚሸከመው ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድበው ዕቃ) 200 ኦም ቢሆን በመስመሩ 15 ሚሊ አምፔር ያልፋል፤ ለተለመደው ኤልኢዲ የሚፈቀደው 20 ስለሆነ ስሌቱ ደህና ይመስላል። ነገር ግን በእኛ ሰፈር መብራት ስለሚጠፋ ሞዴሉን የምናበራው ቻርጅ እየተደረገ ባለ ባትሪ ከሆነ፣ የባትሪው ቮልቴጅ እስከ 13.8 ይወጣል፤ ያን ጊዜ በዚያው 200 ኦም ውስጥ 24 ሚሊ አምፔር ያልፍና ኤልኢዲው ቀስ በቀስ ይጎዳል። 330 ኦም ብንመርጥ ግን በ12 ቮልት 9፣ በ13.8 ቮልት 14.5 ሚሊ አምፔር ብቻ ይሆናል። መስኮት ደግሞ ደማቅ እንዲሆን ስለማንፈልግ ያጣነው ነገር የለም።

ለሰፋፊ ክፍሎች ተለጣፊ የኤልኢዲ ስትሪፕ ይበቃል። በሜትር 60 አምፖል ያለው ባለ ትንሽ አምፖል ዓይነት በሜትር 4.8 ዋት፣ ባለ ትልቅ አምፖሉ 14.4 ዋት ይወስዳል። ለመስኮቶች 3 ሜትር ከመጀመሪያው፣ ለሞተሮች 1 ሜትር ከሁለተኛው ብንጠቀም ድምሩ 28.8 ዋት፣ ማለትም በ12 ቮልት 2.4 አምፔር ነው፤ ስለዚህ የ4 አምፔር አዳፕተር ሳይጨነቅ ይሸከመዋል። ለዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር ለሚያቆየው መሣሪያ) የሚያገለግለው የ12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ እስከ ግማሹ ብቻ እንዲወርድ ብናደርግ ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ያሠራናል፤ ይህም ለአንድ ቀረጻ በቂ ነው። በባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ አጠገብ የ5 አምፔር ፊውዝ ማስገባት ግዴታ ነው፤ የእርሳስ ባትሪ ሾርት ሲያደርግ የሚለቀው ኃይል ሽቦውን አግሎ ፎሙን ሊያቃጥል ይችላልና። ብርሃን ለመከለል የአልሙኒየም ፎይል የሚጠቀም ሰውም ፎይሉ ኤሌክትሪክ እንደሚያስተላልፍ አስቦ መጋጠሚያዎቹን ሁሉ በናስትሮ ይጠቅልል።

[ምስል፦ የሞተሩ አፍ፤ መጀመሪያ አምፖሎቹ ነጠላ ነጠላ ሲታዩ፣ ቀጥሎ ብርሃኑ አንድ ወጥ ሲሆን።]

የሞተሩ ብርሃን ወጥ ሆኖ መታየት አለበት፤ አምፖሎቹ ነጠላ ነጠላ ከታዩ ምስጢሩ ሁሉ ያበቃል። በሜትር 60 አምፖል ያለው ስትሪፕ ላይ በሁለት አምፖሎች መካከል ያለው ርቀት 17 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ብርሃን አደብዛዡ ነጭ ፕላስቲክም ቢያንስ ይህን ያህል፣ ቢቻል 30 ሚሊ ሜትር፣ ከአምፖሎቹ መራቅ አለበት። ከነጭ ጄሪካን ጎን የተቆረጠ ፕላስቲክ ለዚህ ሥራ በጣም ተስማሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በክንፎቹ ጫፍ የሚበሩት መብራቶች የመርከብንና የአውሮፕላንን ደንብ ቢከተሉ፣ ማለትም በግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ ቢሆኑ፣ ተመልካቹ መንኮራኩሩ ወዴት እንደሚሄድ ሳይነገረው ይረዳል። ብልጭ ድርግም የሚለውን ነጭ መብራት 555 በተባለው ርካሽ አይሲ (ጊዜ እየቆጠረ የሚያበራና የሚያጠፋ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ) መሥራት ይቻላል፤ 10 ኪሎ ኦምና 68 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ከ10 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ጋር ሲሆኑ በሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ ይበራል። ከመኪና ፍሬቻ ፍጥነት ዘግየት ማለቱ ይጠቅማል፤ ግዙፍ ነገር የሚቸኩል አይመስልምና።

[ምስል፦ የጨለመ ክፍል፤ ከሩቅ የበራ አንድ ፓውዛ፤ ከሞዴሉ ጀርባ ጥቁር ከፋይ።]

ለቀረጻ ከአንድ በላይ ዋና መብራት አያስፈልግም። በጠፈር ብርሃንን የሚበትን አየር ስለሌለ የፀሐይ ጥላ ስለታም ነው፤ ስለዚህ አንድ ፓውዛ ክፍሉ የፈቀደውን ያህል ርቆ በአንድ ጎን ይቆማል፣ ከጀርባ ብርሃን የሚውጥ ጥቁር ከፋይ ይዘረጋል። ፓውዛው በጣም ከደመቀ መስኮቶቹ ይጠፋሉ፤ በዲመር እየቀነሱ ሁለቱ እኩል የሚታዩበትን ልክ መፈለግ ትዕግሥት ይጠይቃል። የካሜራው ቀዳዳ ጠቦ፣ ኤፍ 16 ወይም ኤፍ 22 ሆኖ (ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል)፣ አፍንጫውም ጅራቱም ጠርቶ መታየት አለበት፤ አንዱ ጫፍ ሲደበዝዝ ዕቃው ትንሽ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው “2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ” የተባለው ፊልም ሠሪዎችም ሞዴሎቻቸውን በጠባብ ቀዳዳ፣ እያንዳንዱን ምስል ለረጅም ጊዜ ለብርሃን እያጋለጡ ያነሡት በዚሁ ምክንያት ነው። በዲመር የደበዘዘ ኤልኢዲ በፍጥነት ስለሚበራና ስለሚጠፋ በቪዲዮ ላይ መስመር ካሳየ፣ የሹተሩን (የካሜራውን መጋረጃ) ፍጥነት ወደ 1/50 ሰከንድ ማውረድ ብዙውን ጊዜ ያስወግደዋል።

በመጨረሻም ሞዴሉ ለዐውደ ርእይ ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ከሆነ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን መንገድ እንደ አንድ አካል ሆኖ ባይጓዝ ይሻላል። ምሰሶው መሐል ላይ በብሎን የሚለያይ ቢሆን፣ ሽቦዎቹም እዚያው ቦታ ቁጥር በተጻፈባቸው ማገናኛዎች ቢቆራረጡ፣ ሁለቱ ክፍሎች በሁለት ሣጥን ይጫናሉ። በመንገድ ንቅናቄ የላላ መጋጠሚያ እንዳለ ለማወቅ፣ ሲደርሱ ከመገጣጠም በፊት እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) መለካትና፣ ወደ ሬዚስተሮቹ የሚያስገባውን የሆድ ክዳን በብሎን እንጂ በኮላ አለመዝጋት ያስፈልጋል።