ኃይሌ ገሪማ ከ"ሳንኮፋ" በፊት፦ በተማሪ አቅም የተሠሩ ፊልሞች

[ምስል፦ ጥቁርና ነጭ ቀረጻ፣ ሎስ አንጀለስ፤ ፖሊሶች ሰዎችን አስቁመው ሲፈትሹ]

ይህን ትዕይንት ማንም አልጻፈውም። ፖሊሶቹም ተዋናዮች አይደሉም። ካሜራ ይዘው መንገድ ላይ የቆሙ ጥቁር ወጣቶችን አይተው ጠረጠሩና አስቆሟቸው። ካሜራው ግን እየቀረጸ ነበር። ዳይሬክተሩ ያኔ ተማሪ ነው፤ የጎንደር ልጅ፣ ኃይሌ ገሪማ። ቀረጻውን ወስዶ "ቡሽ ማማ" ለሚለው ፊልሙ መክፈቻ አደረገው።

ስለ ኃይሌ ሲወራ ቶሎ የሚነሱት በኋላ የሠራቸው "ሳንኮፋ" እና "ጤዛ" የተባሉት ፊልሞች ናቸው። እኔ ግን ዛሬ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘብ የለኝም ብሎ ለተቀመጠ ፊልም ሰሪ ትልቁ ትምህርት ያለው እነዚህ የመጀመሪያ ዓመታት ውስጥ ነው ብዬ አምናለሁ። (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ኃይሌ በ1946 ጎንደር ተወለደ። አባቱ ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ የቲያትር ቡድንም ነበራቸው፤ ልጁ ከእነሱ ጋር መድረክ ላይ ወጥቷል። ከዚህ ጎን ለጎን ሲኒማ ቤት የሚያየው የአሜሪካ ፊልም ነው። እሱና ጓደኞቹ ከሲኒማ ወጥተው ካውቦይና ኢንዲያን ይጫወቱ እንደነበር ራሱ ብዙ ጊዜ ተናግሯል። ቤት ውስጥ የአባቱ ተረትና ተውኔት፣ ሲኒማ ቤት የፈረስ ጋላቢው ጀግና። ይህ ግጭት በኋላ የሠራቸውን ፊልሞች ሁሉ የሚከተል ይመስለኛል።

በ1967 ቲያትር ሊማር ቺካጎ ሄደ። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ ግን ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ቦታ የአሽከርና የተላላኪ ነበር። አልተስማማውም። በ1970 ወደ ሎስ አንጀለስ ተሻገረና ፊልም ሊማር ዩሲኤልኤ (የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎስ አንጀለስ) ገባ።

[ምስል፦ የዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራ]

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ዋትስ በተባለው የሎስ አንጀለስ የጥቁሮች ሰፈር ከተነሳው የ1965ቱ አመጽ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ለጥቁሮች፣ ለእስያውያን፣ ለሜክሲኮ ዝርያ ላላቸውና ለነባር አሜሪካውያን ተማሪዎች በሩን ከፈት ማድረግ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ኃይሌ ሲደርስ ብቻውን አልነበረም። ቻርለስ በርኔት አለ፣ ላሪ ክላርክ አለ፣ በኋላ ጁሊ ዳሽና ቢሊ ውድበሪ መጡ። የአርሲው ልጅ ተሾመ ገብርኤልም እዚያው ስለ አፍሪካና ላቲን አሜሪካ ሲኒማ የሚያስተምር ምሁር ሆነ። ቡድኑ በኋላ "የኤል.ኤ. አመጸኞች" የሚል ስም ወጣለት።

እነዚህ ልጆች የሠሩበት መንገድ የእኛን ገበሬ ወንፈል ነው የሚያስታውሰኝ። ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። "ቡሽ ማማ"ን ከቀረጹት አንዱ ቻርለስ በርኔት ነው፤ እሱም የራሱ ፊልም ያለው ዳይሬክተር ነው። ያው በርኔት ለቢሊ ውድበሪ ስክሪፕት ጽፎ፣ ካሜራም ይዞ ሠርቶለታል። መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ነው፣ ጉልበቱ የጓደኛ ነው። ለቀራጭ፣ ለድምፅ ባለሙያና ለኤዲተር ገበያው የሚጠይቀውን ቢከፍሉ ኖሮ እነዚህ ፊልሞች አይኖሩም ነበር።

ኃይሌ የጀመረው በአጭር ነው። በ1971 "አወር ግላስ"፤ ለዩኒቨርሲቲ ቡድን ቅርጫት ኳስ የሚጫወት ጥቁር ወጣት ለማን ነው የምጫወተው ብሎ ሲነቃ ያሳያል። በ1972 "ቻይልድ ኦፍ ሪዚስታንስ" መጣ። የጥቁሮች መብት ታጋይዋ አንጄላ ዴቪስ እጇ በካቴና ታስሮ በቴሌቪዥን ካየ በኋላ ያለመው ሕልም ነው መነሻው። ዋናዋ ተዋናይ ባርባራ ኦ ጆንስ ናት፤ "ቡሽ ማማ" ላይም እሷው ናት። ሲያገኝ አልለቀቃትም፣ ልክም ነበር።

አሁን ወደ ዋናው።

[ምስል፦ ወንበር ላይ የተቀመጠ ባለመሬት፣ ማሳ ላይ የጎበጡ ገበሬዎች]

1974። ኢትዮጵያ እየተናወጠች ነው፤ ወታደሩ ተነስቷል፣ ንጉሡ ሊወርዱ ነው፣ "መሬት ላራሹ" የሚለው ጩኸት ዓመታት አስቆጥሯል። ኃይሌ በትምህርት ቤት ዕረፍት አገር ቤት ገባና በሁለት ሳምንት አካባቢ፣ በ16 ሚሊ ሜትር ጥቁርና ነጭ፣ በአማርኛ፣ ትወና ሙያቸው ያልሆነ ሰዎችን ይዞ "ምርት ሦስት ሺህ ዓመት"ን ቀረጸ። ሁለት ሰዓት ተኩል የሚሆን ፊልም ነው! አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ፣ ቁጭ ብሎ የሚያዝ አንድ ባለመሬት፣ መሬቱን ተቀምቶ እንደ እብድ የሚቆጠር አንድ አርበኛ። ካሜራው አይቸኩልም። ገበሬው ዳገቱን ሲወጣ እስኪጨርስ ይጠብቀዋል። አንዳንዱ ተመልካች ይሰለቸዋል፣ እኔ ግን የሥራውን ክብደት ትከሻዬ ላይ የተሰማኝ በዚያ ዝግታ ነው።

ፊልሙ ገና ለተመልካች ሳይቀርብ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ያ ጭሰኛ፣ ያ ባለመሬት፣ በሕግ ደረጃ አከተሙ። ኃይሌ ሁለት ሳምንት ውስጥ የያዘው ሊያበቃ አንድ ሐሙስ የቀረውን ሥርዓት ነበር። ቆይ፣ በጀት ላግኝ ቢል ኖሮ ያንን ጊዜ ዳግም አያገኘውም። ፊልሙ በ1976 በስዊዘርላንዱ የሎካርኖ ፊልም ፌስቲቫል ላይ የብር ነብር ተሸለመ።

ከዚያስ ሆሊውድ ገባ? አልገባም። በ1975 ዋሽንግተን ዲሲ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። ብዙዎቻችን ማስተማርን የጥበብ ሰው መሸሸጊያ አድርገን እናየዋለን። ለእሱ ግን ደመወዙ ነበር ነፃነቱ፤ ስቱዲዮ "ይህን ቁረጥ፣ ያንን ጨምር" ሲለው እምቢ ለማለት የሚያበቃው። በ1993 "ሳንኮፋ"ን የሚያከፋፍል ጠፍቶ ከባለቤቱ ከሺሪኪያና አይና ጋር ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ሲያሳዩ፣ ከተማሪነቱ ጀምሮ የለመደውን ነው የሠሩት።

ወንፈሉም ሃዋርድ ቀጠለ። ፊልም ቀራጩና አርቲስቱ አርተር ጃፋ ተማሪው ነበር። ብራድፎርድ ያንግም እንዲሁ፤ በ2017 ለኦስካር የታጨው የ"አራይቫል" ፊልም ቀራጭ።