ሬዲዮኑ ምን ቀለም ነበር?

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ ስለ ሥነ ጽሑፍ ለመስማት የመጣ ሰው ምስጋና ይገባዋል። አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ማንነት፣ ትዝታና ፈጠራ በሚል ርዕስ አንድ አሥር ደቂቃ ተናገርልን» አሉኝ። ሦስት ከባድ ቃላት በአሥር ደቂቃ! አንዱን ብቻ ስጡኝ ብላቸው እምቢ አሉ። እንግዲህ ከመሃል ያለችውን ትዝታን ይዤ እጀምራለሁ፤ ሌሎቹ ተከትለዋት ይመጣሉ።

በአማርኛችን «ትዝ አለኝ» እንላለን። ልብ በሉ፣ አድራጊው እኔ አይደለሁም። ነገሩ ራሱ መጥቶ ነው የደረሰብኝ፤ እንደ «ራበኝ»፣ እንደ «በረደኝ»። «አስታወስኩ» ስንል ግን ሥራው የኛ ነው። ቁጭ ብለን፣ ዓመተ ምሕረት ቆጥረን፣ ሰው ጠይቀን የምንደርስበት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ግጥም የሚጻፈው ትዝ ሲል ነው። ግለ ታሪክ የሚጻፈው በማስታወስ ነው። ልቦለድ ደግሞ መሃል ቆሞ ከሁለቱም ይሰርቃል።

ይህን ያስተማረኝ የአያቴ ሬዲዮ ነው።

ያደግሁት ደጀን፣ አያቴ ቤት ነው። ቀይ ሬዲዮ ነበራቸው። ቁም ሳጥን ላይ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጣል፤ ከሳቸው በቀር የሚነካው የለም። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን ልቦለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሚተርክበት ሰዓት ጎረቤት ሁሉ ይሰበሰባል። ቡና ይፈላል፤ ሲኒ የሚቀመጠው ግን ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ ተብሎ ነው። ዛሬም ጉዱ ካሳ ሲባል ብዙዎቻችን የሚመጣልን ከገጹ ላይ ያነበብነው ሳይሆን የወጋየሁ ድምፅ ነው።

አንድ ማታ መሃል ላይ ሬዲዮኑ ይንተባተብ ጀመር። የባትሪ ድንጋዩ አልቋል። አያቴ ድንጋዮቹን አውጥተው አንድ በአንድ በጥርሳቸው ነከስ ነከስ አደረጓቸው። መልሰው ከተቷቸው። ትንሽ አወራና ጭጭ አለ። ቀን ቢሆን ፀሐይ ላይ ያሰጧቸው ነበር፤ ማታ ምን ይደረጋል? ሰው ሊነሳ ሲል አያቴ «ተቀመጡ፣ የቀረውን እኔ እጨርሰዋለሁ» አሉ።

ጨረሱትም። በዛብህ ገና የቆሎ ተማሪ ሳለ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሊል አንድ ደጃፍ ይቆማል። ጥቁር ውሻ ዘሎ ባቱን ይዘነጥለዋል። የቤቱ እመቤት ሮጣ ትወጣና ቁስሉን በአረቄ ታጥብለታለች። ልጁ ግን የሚያለቅሰው ለእግሩ አይደለም። ደበሎው ስለተቀደደ ነው። እዚህ ላይ ሲደርሱ የአያቴ ድምፅ ተሰበረ። እኔ በበኩሌ ያን ሌሊት ውሻውን ፈርቼ ደጅ መውጣት አቃተኝና ጠዋት ፍራሽ የሚሰጣ ሆነ።

ዘጠነኛ ክፍል ደርሼ መጽሐፉን ሳነብ ያቺን ሴትዮና ያንን የተቀደደ ደበሎ ፈለግኋቸው። የሉም። እንደገና አነበብኩ፤ የሉም። አያቴ የራሳቸውን ልጅነት በዛብህ ላይ ደርበውበት ኖሯል ብዬ ደመደምኩ።

ስለዚያ ማታ ሦስት ጊዜ ጽፌአለሁ። መጀመሪያ በጎረምሳነቴ ግጥም ጻፍኩ፤ ስለ ሬዲዮው ዝምታ። ክፉ አይደለም፣ ደግም አይደለም። ቀጥሎ አጭር ልቦለድ ጻፍኩ፤ እዚያ ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ውሻው ነው። በኋላ ፀጉሬ ሲሸብት «አያቴ የቆሎ ተማሪ ሳሉ ውሻ ነክሷቸው ነበር» ብዬ በማስታወሻ መልክ፣ እንደ እውነት ጻፍኩት። አንድ መጽሔት ላይ ወጣ። በሳምንቱ አክስቴ ደወሉ።

«ማን ነው ይሄን የነገረህ?»

«አባባ ናቸዋ።»

«አባባ የቆሎ ተማሪ ሆነው አያውቁም። ከብት ነበር የሚጠብቁት። የተማረው ታላቅ ወንድማቸው ነው፤ ለትምህርት እንደወጣ የቀረው። ሬዲዮኑም ቀይ አይደለም። አረንጓዴ ነበር።»

ስልኩን ዘግቼ ብዙ ቆየሁ። አያቴ ያን ማታ ሲያወሩ የነበረው ስለ ቀረው ወንድማቸው ነበር ማለት ነው። ወንድማቸው አንዴ መጥቶ ጠባሳውን አሳይቷቸው ይሆን? ወይስ ምን ደርሶበት ይሆን እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቡ በልባቸው የፈጠሩት ነው? የሚጠየቅ ሰው አልቀረም።

ሦስቱን ጽሑፎች ምን ላድርጋቸው? ግጥሙን አልነካሁትም፤ ትዝ ያለኝ ቀይ ሬዲዮ ነውና ቀይ ይሁን። ልቦለዱንም ተውኩት። ማስታወሻውን ግን ማረም ነበረብኝ፤ እዚያ ላይ «ይህ ሆኗል» ብዬ ለአንባቢው ቃል ሰጥቻለሁ። የአክስቴን ስልክ እንዳለ ጨመርኩበት። አሁን ከሦስቱ የምወደው እሱን ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ብለው ሰየሙት፤ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለውን ማለቴ ነው። ቃሉን ከመልመዳችን የተነሳ አንሰማውም። ልብ የወለደው ታሪክ! የአያቴን ውሻ ከዚህ የተሻለ የሚገልጸው ቃል አላገኘሁም።

ሐዲስ ዓለማየሁንም እዩዋቸው። በወጣትነታቸው ጣሊያንን ተዋግተዋል፤ ተማርከው ጣሊያን አገር ታስረዋል። በ1958 ዓ.ም. ያንን ወፍራም ልቦለድ ሲያወጡ ግን የጻፉት ስለ ጦርነቱ አይደለም። ስለ ጎጃም ነው፤ ስለ ባላባቱና ስለ ባላገሩ፣ ስለ ቤተ ክህነት ተማሪው። ጦርነቱን አቆይተው «ትዝታ» በሚለው መጽሐፋቸው፣ ልቦለድ ሳያደርጉት ተናገሩት። ለምን? የኔ ግምት ይህ ነው። የልጅነት አገር ለልብ ቢተው የሚከፋው የለም። ጦርነቱ ውስጥ ግን የወደቁ ሰዎች አሉ። እነሱን ስም ለውጦ መጻፍ የሚከብድ ይመስለኛል።

ልቦለድ ነው ማለት ደግሞ ሁልጊዜ መከለያ አይሆንም። በዓሉ ግርማ ደርግ በኤርትራ አማፅያን ላይ በከፈተው በቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ አስመራ ነበር። ከዚያ ይዞት የመጣውን «ኦሮማይ» ብሎ በ1975 ዓ.ም. አሳተመ። አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን ከባለሥልጣናቱ ጋር ማዛመድ ጀመረ፤ ባለሥልጣናቱም እንደዚያው። መጽሐፉ ታገደ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ።

እንግዲህ ማንነት። ቃሉ ራሱ ውስጡ ጥያቄ አለው፤ «ማን?» ይላል። ደጀን ላይ ግን «ማንነትህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። «የማን ልጅ ነህ?» ነው የሚሉት። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቦዳ፣ አምቦ አጠገብ ተወልዶ በኦሮሞ አባትና በአማራ እናት መሃል አደገ። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር አድዋ አካባቢ በትግርኛ አፉን ፈትቶ አዲስ አበባን በአማርኛ ጻፋት። እነዚህን ሰዎች አንድ ሳጥን ውስጥ ለመክተት የሚደረገው ሩጫ ያሰለቸኛል። እኔን የሚስበኝ ማንን ቁጭ ብለው እንዳዳመጡ ማወቅ ነው።

መንግሥቱ ለማ በግጥሙም በተውኔቱም የሚያስቅ ሰው ነው፤ «ያላቻ ጋብቻ»ን የጻፈ። ይኸው ሰው አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን አስቀምጦ ያለፉበትን ሁሉ አስወራቸው። ያን ወሬ በአፍ እንደተነገረ፣ የአለቃን ድምፅ ሳያጠፋ «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳተመው። ድፍረት ይሁንብኝና እኔ ከተውኔቶቹ አስበልጬ የማነበው እሱን ነው። ጸሐፊ ዝም ብሎ ማዳመጡም ፈጠራ መሆኑን ያየሁት እዚያ ነው። እኔም አያቴን እንዲያ አስቀምጬ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ውሻው የነከሰው ማንን እንደሆነ አውቅ ነበር።

መዓዛ መንግሥቴም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባታል። አዲስ አበባ ተወልዳ አሜሪካ የምትኖር ደራሲ ናት፤ የምትጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች የጻፈችው ልቦለድ በ2020 እ.ኤ.አ. የቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገብቶ ነበር። እነዚያን ሴቶች ከፎቶ ከመዝገብ ስታድን ኖራ፣ የገዛ ቅድመ አያቷ ጠመንጃ አንግተው መዝመታቸውን ከእናቷ አፍ ሰማች። መጽሐፉን መጻፍ ከጀመረች በኋላ! ይህን ያህል ጊዜ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። ግጥሙን ላነብላችሁ ይዤ መጥቼ ነበር፤ ተውኩት፣ ምክንያቱ ከሦስተኛው ረድፍ ነው። እዚያ ነጭ ነጠላ ለብሰው የተቀመጡት አክስቴ ናቸው። ቅድም በር ላይ ስንገናኝ ጉንጬን ሳሙኝና «አሰብኩት እኮ» አሉኝ፤ «ሬዲዮኑ አረንጓዴም አልነበረም።» ጥያቄና መልሱ ላይ እሳቸውን ጠይቁልኝ።