የልጆቻችን ጉልበት የሚጠበቀው ከበረዶው በፊት ነው

እንደምን አመሻችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ልጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ይህን ምሽት ያዘጋጃችሁ የማኅበሩ አባላት፣ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሥራዬ ላይ ጉልበታቸው የተጎዳ ወጣት የስኪ ተወዳዳሪዎች፣ ረጅም ጠፍጣፋ ስኪ እግራቸው ላይ አስረው በረዶ ላይ የሚንሸራተቱ ልጆች፣ ያጋጥሙኛል። ዛሬም የማወራችሁ ስለ ጉልበት ነው።

እዚህ የተቀመጥን ወላጆች አብዛኞቻችን ኳስና ሩጫ እያየን ነው ያደግነው። ልጆቻችን ግን ስዊድን አድገው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ከተራራ ይወርዳሉ። እኔ በጣም ደስ ይለኛል። ደግሞም የእኛ ሰው በረዶ ላይ ሲወዳደር የመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ ተሳትፏል። የእሱ ግን አገር አቋራጭ ስኪ ነበር። በቁልቁለቱ ሻነን አበዳ በ2018 እና በ2022 ለኤርትራ ተወዳድሯል።

ወደ ጉልበቱ ልመለስ። የጭን አጥንትንና የቅልጥም አጥንትን ከሚያያይዙት ጅማቶች አንዱ ኤሲኤል ይባላል። ኳስ የምትከታተሉ ስሙን ታውቁታላችሁ። ተጫዋች ወራት ሙሉ ከሜዳ ይርቃል ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ እሱ ነው። በቁልቁለት ስኪ ውድድር ከከባድ ጉዳቶች መካከል በብዛት የሚታየውም የዚህ ጅማት መበጠስ ነው። በጃንዋሪ 2024 ብቻ ፈረንሳዊው አሌክሲ ፓንቱሮ፣ ስሎቫኪያዊቷ ፔትራ ቭልሆቫ እና ስዊዘርላንዳዊቷ ኮሪን ሱተር በተከታታይ ሳምንታት ይኸው ጅማት ተበጥሶባቸዋል። ሦስቱም የዓለም ምርጦች ናቸው።

ብዙ ወላጅ ልጁ የሚጎዳው ሲወድቅ ይመስለዋል። የኦስሎ ተመራማሪዎች በስኪ የዓለም ዋንጫ ውድድሮች የደረሱ 20 የኤሲኤል ጉዳቶችን በቪዲዮ እያዘገዩ አይተዋል። አብዛኞቹ የተበጠሱት ተወዳዳሪው ገና ሳይወድቅ፣ በእግሩ ቆሞ እየተንሸራተተ ሳለ ነው። ከ20ው በ10ሩ የሆነው አንድ ዓይነት ነገር ነበር። ተወዳዳሪው ሲታጠፍ ክብደቱን የተሸከመው፣ ከመታጠፊያው ውጪ በኩል ያለው ስኪ በረዶውን ይለቃል። እሱም በረዶውን መልሶ ለማግኘት እግሩን ይዘረጋል። ስኪው በውስጥ ጠርዙ ድንገት በረዶውን ይነክሳል። ያኔ ጉልበቱ በኃይል ይታጠፋል፣ ወደ ውስጥም ይጠመዘዛል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ዓይን እስኪርገበገብ ነው።

በዚያች ቅጽበት ማሰብ አይደርስም። ልጁ "ጉልበቴን ላስተካክል" ሊል አይችልም። የሚደርስለት ጡንቻው አስቀድሞ የለመደው ነገር ነው። ቡቱን፣ ማለትም የስኪ ጫማውን፣ ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያም ብዙ አይረዳውም። ዘመናዊ ማሰሪያ ቡቱን ሲለቅ ቅልጥምን ከስብራት አድኗል፤ ኤሲኤልን ግን ያን ያህል አላዳነም። ስለዚህ ውድ ዕቃ በመግዛት ብቻ ይህን ጉዳት እናስቀራለን ብላችሁ አትጠብቁ። ሥራው ያለው ልጁ ሰውነት ላይ ነው። የሚሠራውም በነሐሴና በመስከረም፣ ሳሎናችሁ ወለል ላይ ነው።

ይሠራል ወይ ትሉኝ ይሆናል። አዎ። ማስረጃውም ከዚሁ ከስዊድን የመጣ ነው። የካሮሊንስካ ሕክምና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስኪ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ተወዳዳሪዎችን ለዓመታት ተከታትለዋል። መጀመሪያ ያስተዋሉት የግራ ጉልበት ከቀኝ ይልቅ በብዛት እንደሚጎዳ ነው። ከዚያ በሁለቱም እግር እኩል መቆምን፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እኩል መታጠፍን እና የወገብና የሆድን ጥንካሬ የሚያሠለጥን ፕሮግራም አዘጋጁ። ፕሮግራሙን የተከተሉ 305 ልጆች ከእነሱ በፊት ከነበሩ 431 ጋር ሲነጻጸሩ የኤሲኤል ጉዳት በ45 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ሁለቱ ቡድኖች በአንድ ዘመን ስላልነበሩ ቁጥሩን እንደ ፍጹም አትውሰዱት። ግን ወላጅ ሆኜ ስሰማው ለእኔ ትልቅ ነው።

የስዊዘርላንድ ነገር ደግሞ ይበልጥ ይገርመኛል። እዚያ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ተወዳዳሪዎች ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሠራ የ20 ደቂቃ ልምምድ ተሰጠ። ልጆቹ ቤታቸው ሊሠሩት ይችላሉ። ከ12 ወር በኋላ ድንገተኛ ጉዳቱም፣ ከብዙ ልምምድ የሚመጣው የጉልበት ሕመምም ካልሠሩት ልጆች ያነሰ ነበር። 20 ደቂቃ! ልጆቻችን ስልክ ላይ የሚያጠፉትን ሰዓት አስቡት።

ምን ይሠራሉ? ከሁሉ በላይ የምወደው ማረፍን ነው፤ ከዝላይ በኋላ መሬት ላይ ማረፍ ማለቴ ነው። ልጁ ዝቅ ካለ ደረጃ ላይ ይዘላል፣ በአንድ እግሩ ያርፋል፣ ሦስት እስኪቆጠር ሳይነቃነቅ ይቆያል። እናንተ ከፊት ሆናችሁ ጉልበቱን ተመልከቱ። ጉልበቱ ከእግር ጣቶቹ አቅጣጫ ጋር መሄድ አለበት። ወደ ሌላኛው ጉልበት ከተጠጋ እዚያ ሥራ አለ። ሲያርፍ "ዷ" ካለም ሥራ አለ። ከዚያ በሌላኛው እግር። አንዱ እግር ከሌላው ብዙ ከተለየ ለደካማው ጭማሪ ስጡት። ጥሩ ሲሆን ብቻ ወደ ጎን መዝለል፣ ቀጥሎም እየዞሩ መዝለል ይመጣል።

ሁለተኛው የኋላ ጭን ነው። ስኪ የፊት ጭንን በጣም ያሠራል። የኋላው ጡንቻ ግን ቅልጥምን ወደ ኋላ ስቦ ለኤሲኤል የሚያግዝ ነው። ልጁ ይንበረከክ፣ አንድ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ይያዝለት፣ ከዚያ ወገቡን ሳያጥፍ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይውረድ። አምስት ጊዜ በደንብ ከሠራ ለጀማሪ ይበቃዋል። በማግስቱ ጭኑ ቢዝል አትደንግጡ። ፕላንክ፣ በክርንና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት፣ እንዴት እንደሚሠራ ደግሞ ልጆቹ ራሳቸው ያሳዩዋችኋል።

የዕድገቱ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሴቶች 12 ዓመት አካባቢ፣ ወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ቁመታቸው በፍጥነት ይጨምራል። አጥንቱ ይረዝማል፣ ጡንቻው ግን ገና አልደረሰም። ትናንት ቀልጠፍ ያለው ልጅ ዛሬ እግሩ ይጋጭበታል። በዚያ ወቅት ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ጅማቱ ቅልጥም ላይ በሚጣበቅበት ቦታ የሚያመው ልጅ ብዙ ነው። ሰነፈ አትበሉት። ዝላዩን ቀንሱለት፣ አቋሙን ማስተካከል ላይ ይቆይ፤ ለአሰልጣኙም ንገሩ። ቁመቱን በየሦስት ወሩ በር ላይ ምልክት አድርጉ። ለእኛ ባለሙያዎች ትልቅ መረጃ ነው።

አንድ ልማዳችንን ግን ዛሬ ተዉልኝ ልበላችሁ። "ያድግበታል" እያልን ጫማ በቁጥር እናስበልጣለን። ለትምህርት ቤት ጫማ ይሁን። የስኪ ቡት ግን ሲሰፋ እግር ውስጡ ይዋልላል፣ ልጁ ስኪውን ማዘዝ ያቅተዋል። ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ። ክለቦች ውስጥ ያገለገለ ዕቃ ይለዋወጣሉ፤ እዚያ ልኩን ፈልጉ። ማሰሪያውንም በየዓመቱ ባለሙያ ያስተካክለው፤ የልጁ ክብደትና የቡቱ ርዝመት በተቀየረ ቁጥር ልኩ ይቀየራል።

ሌላው ድካም ነው። ነዳጅ አቃጥለን፣ ሌሊት ተነስተን ወስደናቸው፣ "አንዴ ድገም" ማለት ይቀናናል። እግሩ የዛለ ልጅ የሚለቅበትን ስኪ መልሶ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ልጁ ደከመኝ ካለ ያ ቀን አልቋል። እናንተም ልጆች፣ ሕመም ደብቃችሁ አትወዳደሩ። "ቻል አድርገው" የሚል ቤት ውስጥ እንዳደጋችሁ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት። ጉልበት ላይ ግን አይሠራም። ጅማቱ ከተበጠሰና ቀዶ ሕክምና ካስፈለገ መመለሱ ቢያንስ 9 ወር ይፈጃል። 9 ወር ሞላ ተብሎም ብቻ አይመለሱም፤ የሁለቱ እግሮች ጥንካሬ ተለክቶ ሲቀራረብ ነው።

ብዙ አወራሁ። አሁን ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ እንግፋ። ልጆች፣ ካልሲያችሁን አውልቁ፤ ወለሉ ያንሸራትታል። ጉልበቱን አሁን የሚያመው ካለ አይዝለል፣ ወደ እኔ ይምጣ። ወላጆች፣ ስልካችሁን አውጡና ከፊት ለፊት ሆናችሁ ቅረጹ። በግራ እግር እንጀምር።