ሰባተኛውን አኃዝ የጣለ ልጅ

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በዚህ የወላጆች ቀን ስለ ትምህርት ጥራት በጠቅላላው እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ነገር ግን ብዙዎቻችሁ እዚሁ ደሴ አብራችሁኝ ያደጋችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁን ያስተማርሁላችሁ ስለሆናችሁ፣ ስለ አንድ ነገር ብቻ፣ ስለ አጭር ጊዜ ትውስታ፣ ማለትም የሰማነውን ለጥቂት ሰከንድ ስለምንይዝበት አቅም ብናገር እንደማትቀየሙኝ አምናለሁ።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ዘጠኝ አኃዞችን አንድ ጊዜ ብቻ ጠርቶ፣ ተማሪውን እያስነሣ በቅደም ተከተል ያስደግም ነበር። ተራዬ ደርሶ ስድስቱን አልሁና ሌሎቹ ከአፌ ላይ ጠፉ። «ይህ ጭንቅላት ነው ወንፊት?» ብሎ ሰሌዳው ሥር አንበረከከኝ። የስሚንቶው ጠጠር ጉልበቴ ላይ የተወው ምልክት በማግስቱ ጠፋ፤ «ወንፊቱ» የሚለው ስም ግን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከተለኝ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር በ1956 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ጎልማሳ ሰው አንድ ጊዜ ሰምቶ ወዲያው የሚመልሰው ሰባት ያህል ነገር ነው፤ ሁለት ቢጨምር ወይም ቢቀንስ አያስደንቅም። ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኔልሰን ካውን ደግሞ በ2001 እ.ኤ.አ.፣ ሰሚው በልቡ መደጋገምና ማቧደን (ጥቂት ጥቂቱን እንደ አንድ አድርጎ መያዝ) ካልቻለ ቁጥሩ ወደ አራት እንደሚወርድ አሳይቷል። የልጅ አቅም ከጎልማሳ ያንሳል። እንግዲህ እኔ የተንበረከክሁት ለአንድ ጎልማሳ እንኳ በማያሳፍር ውጤት ነበር!

ፒተርሰን የተባሉ ተመራማሪ ባልና ሚስት በ1959 እ.ኤ.አ. ለሰዎች ሦስት ፊደል ሰጥተው፣ ወዲያው ከአንድ ቁጥር ሦስት ሦስት እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ አደረጉ፤ ከ18 ሰከንድ በኋላ ትክክል የመለሱት ከአሥሩ አንዱን ያህል ብቻ ነበር። እኛ ወሎዬዎች ለዚህ ቤተ ሙከራ አያሻንም፤ ሰላምታችን ይበቃናል። እናቴ ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ክብሪት ግዛ ብላ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወደ ሰኞ ገበያ ስትልከኝ፣ መንገድ ላይ አንዲት ጎረቤት ይዘው እናትህ ደኅና፣ አባትህ ደኅና፣ ላሚቱ ወለደች ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ ቆይተው፣ ክብሪት ብቻ ይዤ እመለስ ነበር።

አባቶቻችን ይህን ልክ ያውቁ ነበር። የቁርኣን ተማሪ ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ ጥቂት መስመር ጽፎ፣ ደጋግሞ ቃሉን ካጠና በኋላ አጥቦ ነው ቀጣዩን የሚጽፈው፤ የኔታም ዳዊቱን በአንድ ቀን አያሸክሙም። ዛሬ ግን በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያለፈ ሰው፣ አምስት ትእዛዝ በአንድ ትንፋሽ አዝንቦ፣ አራተኛውን የዘነጋውን ልጅ ደንቆሮ ይላል። ደንቆሮው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ የሰውን ልክ ሳይማር ለማስተማር የቆመው?

በልምምድ ይሰፋል የሚል ካለ፣ አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ከ200 ሰዓት በላይ ተለማምዶ ወደ ሰማንያ አኃዝ ደርሷል፤ ቁጥሩ በፊደል ሲተካ ግን ስድስት ላይ ቀረ። አኃዞቹን የያዘው እንደ ሩጫ ውድድር የሰዓት ውጤት እያቧደነ ነበርና።

ስለዚህ የቃል ጥሪ ፈተና ከውጤት ይውጣ፣ ትእዛዝም ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ጠመኔ ከጎደለ ከጡረታዬ ቀንሼ እኔው እገዛለሁ።