ባብቹ በሉኝ! ፖላንዶችና ሰዋስዋቸው

ቢኒያም፦ ዛሬ የፖላንድ ሰዎች ቋንቋቸውን፣ ያውም ሰዋስዉን፣ ለምን እንዲህ እንደሚወዱት እናወራለን።

ሄለን፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የጎረቤቴን ነገር ላውራ። ቺካጎ እያለሁ ከታችኛው ፎቅ የፖላንድ ሴትዮ ነበሩ። እማማ ነበር የምላቸው። የልጅ ልጆቻቸው «ባብቻ!» ብለው ሲጠሯቸው ዞር አይሉም።

ቢኒያም፦ ምን ማለት ነው?

ሄለን፦ አያት። ስለ አያት ስታወራ ነው «ባብቻ»። ስትጠራቸው «ባብቹ» ትላለህ። ልጆቹ «ባብቹ!» ሲሉ ፊታቸው ይበራል፤ ያኔ ኬኩም ይመጣል!

ቢኒያም፦ ባብቹ! እኛስ «እማዬ» እንል የለ?

ሄለን፦ ያ ማቆላመጫ ነው። የእነሱ ስም ቃል በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ እንደሚሠራው ሥራ መጨረሻው ይቀያየራል፤ 7 ዓይነት ነው። አንዱ ለመጥራት ብቻ። አሁን ብዙ ሰው የሰው ስም ሲጠራ እየተወው ነው። እማማ ይህን ሲሰሙ ይናደዳሉ። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ የፖላንድኛ ትምህርት ቤት የሚወስዷቸውም ለዚህ ነበር።

ቢኒያም፦ 7! እኔን ካልሽኝ የሚወዱት ስለሚከብድ ነው። ከባድ ነገር የቻለ ሰው ይኮራል።

ሄለን፦ በፍጹም! ስለተከለከሉ ነው። በፈረንጆቹ 1795 ሩሲያ፣ የጀርመኖቹ ፕሩሲያና ኦስትሪያ አገራቸውን ተከፋፍለው ጨረሷት። እስከ 1918 ነፃ አገር አልነበራቸውም። በ1901 ፕሩሲያ በያዘችው ቭዤሽኒያ ከተማ፣ የሃይማኖት ትምህርት በጀርመንኛ ይሁን ተባለ። ልጆቹ አንመልስም አሉ። ጸሎት እኮ ነው ቢኒ! ተገረፉ። የተቃወሙ ወላጆችም ታሰሩ።

ቢኒያም፦ ልጆችን ለዚህ መግረፍ!

ሄለን፦ ታዲያ እንዲህ የተከፈለበትን ቋንቋ እንዴት አይወዱት?

ቢኒያም፦ እሺ፣ የቃል ጽሕፈት ውድድሩስ? ካቶቪትሴ ከተማ በፈረንጆቹ 1987 ነው የጀመሩት። ትልልቅ ሰዎች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ድምፅ ሁለት አጻጻፍ አለው፤ የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ይህ የከባድ ነገር ፍቅር ነው።

ሄለን፦ እንደኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ ማለት ነዋ!

ቢኒያም፦ አዎ! እኛ ይቀነሱ አይቀነሱ እያልን እንከራከራለን። እነሱ ይወዳደሩበታል።

ሄለን፦ ይህን ወደድኩት። ግን የተከለከለ ቋንቋ ባይሆን ኖሮ እንዲህ ይጠነቀቁለት ነበር?

ቢኒያም፦ ግማሹን ሰጥቼሻለሁ።

ሄለን፦ ሌላውን ግማሽ ከማስታወቂያው በኋላ እወስዳለሁ!