የእናቴ ክኒን፦ ለማስታወስ ስለሚሸጡ ሰፕሊመንቶች

እሱ፦ የዛሬውን ርዕስ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱም የኔ ነው። እናቴ ሰሞኑን ስም ትረሳለች፣ አንዱን ወሬ ሦስቴ ታወራልኛለች። ጊንኮ የሚባል፣ ከዛፍ ቅጠል የሚሠራ ሰፕሊመንት፣ ማለትም ማሟያ ክኒን፣ ገዝቼ ሰጠኋት። ብልቃጡ ላይ «ለማስታወስ ችሎታ» ይላል፣ በቃ።

እሷ፦ ማንን ጠይቀህ?

እሱ፦ ኢንተርኔትን።

እሷ፦ በል እሺ፣ ከጊንኮ እንጀምር። በደንብ ተጠንቷል። አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 75 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 3,069 ሰዎች ተመዘገቡ፣ ግማሾቹ በቀን ሁለቴ 120 ሚሊግራም ጊንኮ፣ ግማሾቹ ደግሞ ምንም የሌለበት ክኒን እየወሰዱ ስድስት ዓመት ገደማ ክትትል ተደረገላቸው። እ.ኤ.አ. በ2008 ውጤቱ ሲወጣ ጊንኮው የመርሳት በሽታን አልቀነሰም።

እሱ፦ ዘግይተው ጀምረው ቢሆንስ? በ40 ዓመታቸው ቢጀምሩ…

እሷ፦ ለዚያ ይሄ ጥናት መልስ የለውም፣ እውነትህን ነው። ግን አንተ የገዛኸው ለ40 ዓመት ሰው ነው እንዴ?

እሱ፦ ለ74።

እሷ፦ አየህ! ይልቅ ንገረኝ፣ ደም የሚያቀጥን ነገር ትወስዳለች?

እሱ፦ አስፒሪን። በየቀኑ፣ ለልቧ።

እሷ፦ አይ አንተ! ጊንኮ ከአስፒሪን ወይም ከዋርፋሪን ጋር ሲደመር መድማትን ሊያባብስ ይችላል። «ቅጠል ነው፣ ምን ያመጣል» እያልን ነው የምንሳሳተው። ሐኪሟ ማወቅ አለበት።

እሱ፦ እሺ፣ ገባኝ። ኦሜጋ 3ስ፣ የዓሣ ዘይቱ?

እሷ፦ እሱን ባጭሩ። ዓሣ የሚበሉ ሰዎች ላይ ጥሩ ነገር ታይቷል፣ ዘይቱ ለብቻው በክኒን ሲሰጥ ግን ያ ነገር አይገኝም። ከ3,000 በላይ አረጋውያን አምስት ዓመት ወስደውት የማሰብ ችሎታቸው ላይ ለውጥ አላመጣም።

እሱ፦ አንዱ ደግሞ ከጄሊፊሽ የተገኘ ነው ይላል። (ሳቅ)

እሷ፦ እሱማ ይገርማል! የሚያበራ የባሕር እንስሳ ፕሮቲን ነው። ፕሮቲን ስትውጥ ሆድህ እንደማንኛውም ምግብ ይፈጨዋል፣ እንዴት ብሎ ነው አንጎል የሚደርሰው? ሻጮቹ ራሳቸው 218 ሰዎች ላይ ለ90 ቀን ሞከሩት፣ በጠቅላላው ሲታይ ልዩነት የለም። ከዚያ ሰዎቹን በትንንሽ ቡድን እየከፋፈሉ የሚጥም ቁጥር ፈለጉ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 የከሰሳቸው ለዚህ ነው።

እሱ፦ ታዲያ ከመሸጡ በፊት ማን ፈቀደ?

እሷ፦ ማንም። እዚያ አገር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ባለው ሕግ ሰፕሊመንት የሚሸጥ ሰው ክኒኑ እንደሚሠራ አስቀድሞ ማስመስከር የለበትም። «የመርሳት በሽታን ይከላከላል» ብሎ መጻፍ አይችልም፣ «ማስታወስን ይደግፋል» ማለት ግን ይችላል። ያቺን «ይደግፋል» የምትል ቃል ካየህ ጠርጥር።

እሱ፦ እሺ፣ አሁን ግን አንድ ቦታ ላይ እከራከርሻለሁ። መልቲቫይታሚን። በ2023 የወጣው ጥናት ላይ ከ3,500 በላይ ሰዎች ነበሩ፣ የወሰዱት የቃላት ዝርዝር አይተው ሲያስታውሱ ካልወሰዱት በለጡ። ይሄን ምን ትዪዋለሽ?

እሷ፦ በለጡ፣ አልክድም። ግን በስንት በለጡ? ልዩነቱ አንድ ሙሉ ቃል እንኳ አይሞላም።

እሱ፦ ተመራማሪዎቹ ግን ሦስት ዓመት ወጣት እንደመሆን ነው ብለው አስልተውታል።

እሷ፦ አባባሉ ያምራል። ሰውየው ግን ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ በዚያች ቁራጭ ቃል አያገኘውም። ደግሞ ከዚያ በፊት 5,947 አረጋውያን ወንድ ሐኪሞች ለ12 ዓመት መልቲቫይታሚን ወስደው ምንም ልዩነት አልታየም።

እሱ፦ ሐኪሞች ናቸዋ! ድሮም ጥሩ ይበላሉ፣ ምን ይጎድላቸዋል?

እሷ፦ አሁን ወደኔ መጣህ! የኔም ነጥብ እሱ ነው። የጎደለው ሰው ላይ ቫይታሚን ይሠራል፣ ያልጎደለው ላይ በሽንት ይወጣል፣ ወይ ደግሞ አንዳንዱ ተከማችቶ ይጎዳል። ለምሳሌ ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን፣ እሱ ሲያንስ መርሳት ያመጣል፣ እጅና እግር ያደነዝዛል፣ ድካም አለው። በጊዜ ከተደረሰበት በክኒን ወይም በመርፌ ይስተካከላል፣ ከቆየ ግን ነርቭ ላይ የማይመለስ ጉዳት ሊተው ይችላል። ደግሞ ሰው ሁሉ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እሱ፦ ማን ላይ ነው የሚያንሰው?

እሷ፦ ዕድሜ ሲገፋ ሆድ በደንብ አይቀበለውም። ሥጋም እንቁላልም ወተትም የማይነኩ ሰዎች አሉ። ኦሜፕራዞል ለጨጓራ ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ። ሜትፎርሚን ለስኳር የሚወስዱ…

እሱ፦ ቆይ ቆይ። ሜትፎርሚን አልሽ?

እሷ፦ አዎ። ምነው?

እሱ፦ እናቴ ስኳር አለባት። ሜትፎርሚን ከጀመረች ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ነው።

እሷ፦ ቢ12ዋን ተመርምራ ታውቃለች?

እሱ፦ እንጃ። ባለፈው እግሬን ደነዘዘኝ ስትለኝ ጫማሽን ቀይሪ ነው ያልኳት። ቆይ፣ ቀረጻውን አቁሚውና ልደውልላት።