ቤንጋል ድመት ሥራ ትፈልጋለች

እንደምን ዋላችሁ፣ ከደሴ ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ቤንጋል ድመት ነው፤ ስለ መልኳ ሳይሆን ስለ ጠባይዋ። መልኳንማ ስልካችሁ ላይ አይታችሁታል፤ የነብር ግልገል የመሰለች፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ጸጉሯ የሚያብረቀርቅ። ሰው በመልኳ ተማርኮ ቤቱ ያስገባታል። ከ12 እስከ 16 ዓመት አብሮት የሚኖረው ግን ጠባይዋ ነው።

የዘሯን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። እስያ ጫካ ውስጥ፣ መጠኗ የቤት ድመትን የሚያህል፣ ባለ ነጠብጣብ የዱር ድመት አለች። ጂን ሚል የተባለች የካሊፎርኒያ ሴት እ.ኤ.አ. በ1963 ይህችን ከቤት ድመት ጋር አዳቀለች፤ ሥራው ተቋርጦ ቆይቶ በ1980ዎቹ ቀጠለ። የመጀመሪያዎቹ ትውልዶች ወንዶች መካን ስለሚሆኑ ዘሩ የተያዘው በሴቶቹ በኩል ነው። እየተዳቀለ ሲሄድ የዱሩ ደም ይሳሳል፤ ከአራተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት እንደ ቤት ድመት ይቆጠራሉ። ስለዚህ አውሬ ናት የሚላችሁን አትመኑ። ሰው ትወዳለች፣ ትከተላለች፣ ብዙ ትጮሃለች። ጭን ላይ ሰዓታት መተኛት ግን የብዙዎቹ ጠባይ አይደለም።

ነጠብጣብ ያላት ሁሉ ቤንጋል አይደለችም። የአገራችን ድመትም ነጠብጣብ ይኖራታል። ጥሩ ቤንጋል ጎኗ ላይ ያለው ምልክት ሁለት ቀለም ነው፤ ዙሪያው ጠቆር፣ መሃሉ ቀላ ያለ። ሆዷም ሳይቀር ነጠብጣብ አለበት። ሻጩ እናቷን ወይም የዘር ወረቀቷን ካላሳያችሁ፣ የምትከፍሉት ለተራ ድመት ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወሎ ውስጥ ድመት ቤተኛ ናት። በእስልምና ነጃሳ እንዳልሆነች ስለሚታወቅ መስገጃ ላይ ብትተኛ የሚቆጣት ብዙ የለም። ወጣ ገባ ትላለች፣ ጎተራ ሥር አይጥ ትጠብቃለች፣ ኮርኒስ ውስጥ ታድናለች። ሥራ አላት። ውድ ነች ተብሎ በር የተዘጋባት ቤንጋል ግን ያ ሁሉ ጉልበት እያላት ሥራ የላትም። መጋረጃ ላይ የምትወጣው፣ ቁም ሳጥን የምትከፍተው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምትጮኸው ለዚህ ነው። ክፉ ሆና አይደለም። መቆጣትም መምታትም አይመልሳትም፤ እናንተን መፍራት ብቻ ትማራለች።

ሥራ የምትሰጧት እንዲህ ነው። ላባ በገመድ ጫፍ አስሩና መሬት ለመሬት ጎትቱት፤ ከሶፋ ጀርባ ይደበቅ፣ ይቁም፣ እንደገና ይሩጥ። ፊቷ ላይ አታውለብልቡት፤ ታዳኝ በገዛ እግሩ ወደ አዳኙ አይመጣም። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ዋነኛው ከመኝታ በፊት። መጨረሻ ላይ እንድትይዘው ፍቀዱላትና ወዲያው ምግቧን ስጧት። አድና፣ ይዛ፣ በልታ፣ ራሷን ልሳ ትተኛለች። ይህ ቅደም ተከተል ከተሟላ ሌሊቱን እናንተም ትተኛላችሁ። የሌዘር መብራት ብቻውን አይበጅም፤ የሚያዝ ነገር ስለሌለው ብስጭት ያተርፋል። በእጃችሁም አታጫውቷት፤ ዛሬ የጣታችሁ መነከስ የሚያስቃችሁ ከሆነ ስታድግ ያደማችኋል።

መቧጠጫውን ደሴም ኮምቦልቻም አናጺ ይሠራላችኋል። ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ አጠና፣ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር ቁመት፣ ከታች 50 በ50 የሆነ ከባድ ሳንቃ። አጠናውን በቃጫ ገመድ አጥብቃችሁ ጠምጥሙት። ከተነቃነቀ ትተወዋለች፤ ተንጠራርታ ሙሉ ክብደቷን የምትጥልበት ስለሆነ መጽናት አለበት። ግድግዳ ላይም 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው መደርደሪያዎች ደረጃ በደረጃ ስቀሉላት። ከፍታ ስታገኝ የቡፌው ነገር ይረሳታል።

ፈትል ያለበት ቤት ይህን ልብ ይበል። የድመት ምላስ ላይ ያሉት እሾኮች ወደ ጉሮሮ የተቀለበሱ ናቸው፤ ክር አንዴ ከገባ መትፋት ይቸግራታል፤ አንጀቷን ሰብስቦ ሊቆርጠው ይችላል። ክር ከአፏ ወይም ከኋላዋ ብቅ ብሎ ካያችሁ አትጎትቱ፤ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። የጨዋታውንም ገመድ ስትጨርሱ ቆልፉበት።

ውሃ ብዙዎቹ ይወዳሉ። ቧንቧ ሥር ይቀመጣሉ፣ ጣሳ ውስጥ እጃቸውን ይነክራሉ። የውሃ በርሜላችሁ ክዳን ይኑረው፤ ግማሽ ድረስ የሞላ በርሜል ውስጥ የወደቀች ግልገል ግድግዳው ስለሚያንሸራትታት አትወጣም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የቤንጋል ጸጉር አጭር ስለሆነ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ሞቅ ያለ ቦታ ትፈልጋለች። ቡና ሲፈላ ረከቦቱ ዙሪያ እንዳትዘልባችሁ፣ ከፍ ያለ የራሷ ቦታ ላይ ስትቀመጥ ትንሽ ሥጋ እየሰጣችሁ አስለምዷት። ፈጣን ተማሪ ናት።

ምግብ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ድመት የሚጎዳው። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር በበቂ መጠን ሰውነቷ ስለማይሠራው ከእንስሳት ሥጋ ማግኘት አለባት። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ የማይገባበት ቤት ውስጥ የአገራችን ድመት ሽሮ ፍትፍት በልታ ስትከርም አይታችሁ ይሆናል፤ የጎደላትን በአይጥ ስለሞላችው ነው። የተዘጋባት ቤንጋል አይጡን ከየት ታመጣለች? ጉድለቱ ወራት ሲቆይ የዓይኗ ብርሃን ይጠፋል፣ ልቧም ይሰፋል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም። ስለዚህ ሁለት ምርጫ ነው ያላችሁ፦ የተሟላ የድመት ደረቅ ምግብ፣ ለ4 ኪሎ ድመት በቀን ከ50 እስከ 70 ግራም አካባቢ፤ አለዚያም በጾሙም ቢሆን ለሷ ሥጋ መግዛት። ሥጋ ብቻ ደግሞ ካልሲየም ይጎድለዋል፤ ለሚያድግ አጥንት አይበቃም። ወጥ በፍጹም አትስጧት። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስሉም፣ ቀይ የደም ሴሎቿን ያፈርሳሉ። ወተትም ብዙዎቹን ያስቀምጣቸዋል።

ማምከኑን ከአምስት እስከ ስድስት ወር ዕድሜ ላይ አስጨርሱ። ግድግዳ ላይ መሽናት ልማድ ከሆነ በኋላ ማምከን ብቻውን ላያቆመው ይችላል። የአሸዋ ሳጥን ከድመቷ ቁጥር አንድ ይብለጥ፣ አሸዋው 5 ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ፣ በየቀኑ ይጠረግ። ወንዱ ደጋግሞ ተቀምጦ ሽንት እምቢ ካለው፣ ነገ እናያለን አትበሉ። የሽንት መውጫው ከተዘጋ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል።

ወደ ውጭ ከለቀቃችኋት ደግሞ የጎረቤት ጫጩት ትፈጃለች፣ ጠቡም የእናንተ ነው። የአይጥ መርዝ የበላ አይጥ ከበላች መርዙ እሷንም ያገኛታል። የደረት ማሰሪያ ከግልገልነቷ አስለምዷትና እየያዛችሁ አውጧት፤ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ለብሳው ትብላ፣ ትጫወት፣ ከዚያ ግቢ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን 12 ሳምንት ሲሞላት አስወጉ፣ በዓመቱም ድገሙት።

ጠዋት ወጥታችሁ ማታ የምትገቡ፣ ቤትም ሌላ ሰው የሌለ ከሆነ፣ ቤንጋልን ባታመጡ እመርጣለሁ። ሰፈራችሁ ውስጥ ጠባየ ረጋ ያለች የአገር ድመት አትጠፋም።